ወንድሜ እስኮርታ

በጋሼ ለቅሶ በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከባጃጅ ወረዱና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ የእስኮርታ ለቅሶ ይኼ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይግቡ» አልኳቸው።

ስሙ ግርማ ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። ገብተው አለቀሱ፤ ከልባቸው ነው ያለቀሱት፤ ምንም ክፋት የላቸውም። እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ወንድሜን ቀብረነዋል፤ ያ ስም ግን ሳይቀበር ቀርቷል።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የጋሼን የሥራ ቱታ ከግድግዳው ላይ አወረድኩት። ግራሶ ይሸታል። የተበየደ ብረትም ይሸታል። ስንት ጊዜ የታጠበ ልብስ ነው፤ ሽታው አልለቀቀውም። አፍንጫዬን አስጠግቼ ቆየሁ። ከዚያ ያ ክረምት መጣብኝ፤ ባቡሩ ገና አቃቂ ጣቢያ ይቆም በነበረበት ጊዜ የነበረው።

ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ቤታችን በሰቃ፣ ሀዲዱ ዳር ነው፤ ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። አባታችን የሀዲድ ሠራተኛ ነበር፤ የሞተው እኔ ሳላውቀው ነው። ቤቱን የያዘው ጋሼ ነው። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው፤ ያኔ ገና ጢሙ በደንብ አልበቀለም። ጋሽ ይልማ የሚባሉ ሰው ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ይሠራል። ብየዳውን ይሥራ እንጂ ልቡ ያለው መሪ ላይ ነበር። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ የሚነዳው መኪና ግን የለውም። የተጠገኑትን ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ ያዘዋውራል። መንዳቱ ይኼው ነበር።

በዚያ ክረምት አንድ አሮጌ ላንድሮቨር መጣ። ይዘውት የመጡት በረሃ ለበረሃ እየዞሩ ውሃ የሚያስቆፍሩ ኢንጂነር ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆመው ለጋሽ ይልማ ሲነግሯቸው ሰምቻለሁ።

«የምንሄደው መንገድ የሌለበት ነው። ቁጥቋጦ ነው፣ አሸዋ ነው፣ ድንጋይ ነው። ለዚያ የሚሆን አድርጋችሁ አሰናዱልኝ።»

«ግርማ ያሰናዳልዎታል» አሉ ጋሽ ይልማ። «የዚህ ልጅ እጅ ብረትን ሊጥ ያደርገዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዥ ዋልኩ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ። ጋሼ መጀመሪያ ባሌስትራው ላይ ብረት ጨመረበት፤ መኪናው ከመሬት ብድግ አለ። ከተኛበት እንደ ተነሣ ፈረስ ሆነ። ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ በወፍራም ቱቦ አጥር የመሰለ ነገር በየደለት፤ ቁጥቋጦ ሲገፋ መብራቱ እንዳይሰበር ነው። የጭስ መውጫውን ማርሚታ አዙሮ በጎን በኩል እስከ ጣራው አወጣው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ወንዝ ውስጥ ሲገባ በአፍንጫው ውሃ እንዳይጠጣ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያ መኪና ጉማሬ መሰለኝ። ውሃ ውስጥ ተኝቶ በጣራው የሚተነፍስ።

ባለ ሁለት ዲፈረንሺያል ነው ሲሉም ሰማሁ። ዲፈረንሺያል ማለት ልብ መሰለኝ። ማታ ለእማዬ ሁለት ልብ ያለው መኪና መጣ ብዬ ነገርኳት።

«ሁለት ልብ ያለው ሰው አይታመንም» አለች እማዬ ሽሮውን እያማሰለች። «መኪናም ቢሆን እንጃ።»

ጋሼ ሳቀ። ያን ሰሞን በትንሹም በትልቁም ይስቅ ነበር።

ጣራው ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ሠራ። የጀሪካን ማሠሪያ ሠራ። አሸዋ ላይ ጎማ ሲሰምጥ ከሥር የሚነጠፉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ቆርጦ፣ በመሰርሰሪያ በሳስቶ፣ ጫፋቸውን አጠፈ። ብረቱ ሲበሳ የሚወጣው ጭስ ጉሮሮ ይይዛል፤ ምራቄ ራሱ ብረት ብረት ይላል። በመጨረሻ ጎማው ቀረ። አንዱን ተለዋጭ ጎማ ከኋላ አሠረ። ሁለተኛውን ጋሽ ይልማ፣ «እስኮርታውን ኮፋኖው ላይ ጫነው» አሉት። ጋሼ ሞተሩ ክዳን ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ አስተኝቶ በብሎን አሠረው።

እስኮርታ የሚለውን ቃል የያዝኩት ያን ቀን ነው። ከሾፌሩ ፊት፣ ከሁሉም ፊት የሚሄደው እሱ ነው። እንደ ባንዲራ። ማንም እንዲህ ነው አላለኝም፤ እኔው አየሁና ገባኝ። ገባኝ ብዬ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ኢንጂነሩ ሥራውን ሊያዩ መጡ። መኪናውን ዞሩት። የብየዳውን መገጣጠሚያ በጣታቸው ዳሰሱ። ጋሼ ከኋላቸው ከኋላቸው ይሄዳል፤ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የተጠረገ እጅ ደግሞ ይጠርጋል።

«ግርማ፣ በረሃ መሄድ ትፈልጋለህ?» አሉት።

«እፈልጋለሁ ጌታዬ!»

«ሾፌርስ አለኝ። ሾፌሩ ቢታመም የሚተካ፣ የተሰበረ ቢኖር የሚበይድ እስኮርታ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ።»

ጋሼ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ቆይቶ እሺ አለ። እኔ የሰማሁት «እስኮርታ» የሚለውን ብቻ ነው። ከደስታ ብዛት ጎማ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ፤ ጋሽ ይልማ ጆሮዬን ይዘው አወረዱኝ።

ማታ ጋሼ በረሃ ልሄድ ነው ሲል እማዬ እጇን ከሊጡ አወጣች።

«ሾፌር ሆነህ?»

«እንደዚያው ነገር... እስኮርታ ሆኜ ነው» አለና ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ።

እማዬ ወደኔ ዞረች። በቤታችን የፈረንጅ ቃል ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት የምሄድ እኔ ነኛ። «ምንድነው እሱ?» አለች። ከሾፌሩም በላይ ነው፣ ከሁሉም ፊት የሚሄደው ነው አልኳት። ሊጥ በነካው እጇ ፊቷን ሸፈነችና፣ «አባትህ ይኼን ሳያይ!» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ቦኖ ውሃ ልንቀዳ ወረድን። ወረፋው ረጅም ነው። እማዬ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሰላምታ ሳትጨርስ ጀመረች።

«ልጄን በረሃ ሊወስዱት ነው። እስኮርታ አድርገው ሾሙት።»

ከፊታችን የነበሩት እትዬ ፈለቀች ዞር አሉ። ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። «ምን አድርገው?»

«እስኮርታ!» አለች እማዬ፤ ጮክ ብላ፣ ቀና ብላ።

እትዬ ፈለቀች ጀሪካናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቆመው መሳቅ አልቻሉም። «ውይ እቴ! እስኮርታ እኮ ተለዋጭ ጎማ ነው! የኔ ሰውዬ መኪናው ሥር በሰንሰለት ነው የሚያሥረው! ሌላው ሲፈነዳ ነው የሚፈታው!»

ቦኖው በሳቅ ተናጋ። ውሃ ቀጂው ራሱ ቧንቧውን ሳይዘጋ ሳቀ፤ ውሃው ከሞላ ጀሪካን እየፈሰሰ እግራችን ሥር መጣ። እማዬ ቆማ ፈገግ ልትል ሞከረች። ከንፈሯ ግን እንቢ አላት። ተራችን ሁለት ሰው ሲቀረው ባዶ ጀሪካኗን አንሥታ ተመለሰች። ከኋላዋ ስሄድ ጀሪካኑ ጉልበቷን እየመታ ዷ ዷ ይላል። አንድ ነገር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

የእትዬ ፈለቀች ልጅ ሙሉጌታ እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩን አዳረሰው።

«አንተ፣ ወንድምህ ጎማ ነው አሉ?»

«አይደለም።»

«ከመነዳሪው ስንት ቦታ ተለጥፏል?»

«ዝም በል!»

«ንፋስ ይበቃዋል? ልንፋለት?»

ድንጋይ አነሣሁ። ግን ወዴት እንደምወረውር አላወቅኩም፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ማታ ጋሼ ሲገባ ፊቱን አይቼ እንደሰማ ገባኝ። ከጋራዡ እስከ ቤት ድረስ፣ «እንዴት ዋልክ እስኮርታ» እያሉት ነው የመጣው። እራት ቀረበ። አልቆረሰም።

«ቦኖ ላይ ያወራው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ። «ባላውቅ ነው ልጄ። ጥሩ ነገር መስሎኝ።» ማን እንደነገራት አላነሣችም። እኔም አንገቴን ወደ ሳህኑ ደፋሁ።

ጋሼ፣ «ነገ ሾፌርነቱን እጠይቃቸዋለሁ» አለ።

«ተው። የሰጡህን ያዝ።»

«የሰጡኝን ይዤ ብሄድ ስመለስም በዚሁ ስም ነው የሚቀበሉኝ። መሪውን ይዤ ከሄድኩ ግን ማን ይስቃል? ቋሚ ሾፌር እሆናለሁ እማዬ። ከብየዳ እወጣለሁ። አንቺም ቦኖ ላይ ቀና ብለሽ ትቀጃለሽ።»

ጠየቃቸው። ኢንጂነሩ አልተቆጡም፤ ይኼንን መናገር አለብኝ። ሾፌራቸው አርጅቷል፤ ዐይኑም እንደ ድሮ አይደለም አሉ። «ከሀዲዱ በታች ያለውን ሜዳ አቋርጠህ ወንዙ ዳር ደርሰህ ተመለስ። ከተመለስክ መሪው ያንተ ነው። ባዶውን ውሰደው።»

«በረሃ ባዶውን ይኬዳል እንዴ ጌታዬ? ሙሉ ጭነት ጭኜ ነው የማሳይዎት።»

«መሬቱ ርጥብ ነው።»

«ለዚሁ አይደል ያሰናዳሁት?»

ጋሼ ጀሪካኖቹን ሁሉ ውሃ አስሞላኝ። ክሪኩን፣ አካፋውን፣ የሚጎተትበትን ገመድ፣ ሁለቱን ብረቶች፣ ሁለቱን ጎማዎች ጫነ። የሠራው ነገር አንድም እንዲቀር አልፈለገም። መኪናው ከሩቅ ሲታይ ሠርገኛ የጫነች በቅሎ ይመስል ነበር፤ አምሮበት ነበር፤ እውነቴን ነው።

ሰው ሁሉ ሀዲዱ ዳር ወጣ። እነ እትዬ ፈለቀችም፣ ውሃ ቀጂውም፣ እነ ሙሉጌታም። እማዬ የቅዳሴ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ መሬት ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ይኼንን መሬት እዚያ ያሉ ገበሬዎች ኮቲቻ ይሉታል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ በክረምት ጫማ ይበላል። እኛ ልጆቹ እንኳ ጫማችንን አውልቀን ነው የምናልፍበት። ጋሼ ይኼንን መሬት አያውቀውም አይባልም፤ እዚያው ነው ያደገው። ግን ያን ቀን ያሰበው በረሃውን ነው። ወራቱን ሁሉ እጁ ለአሸዋ ነበር ሲሠራ የከረመው።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጭቃው በሁለት በኩል ተረጨ። «ጋሼ! ጋሼ!» እያልኩ በሀዲዱ ላይ ሮጥኩ። ሜዳውን አጋምሶ ነበር። ከዚያ መኪናው አንድ ጊዜ አነከሰና ጎማው በቦታው መዞር ጀመረ። ሲዞር ሰመጠ። ሲሰምጥ ዞረ። ባሌስትራው ከፍ አድርጎት የነበረው መኪና ሆዱ መሬት ነካ።

ጋሼ ወርዶ ሁለቱን ብረቶች አወጣና ከጎማው ሥር ወሸቃቸው። ተመልሶ ገብቶ ነዳጅ ሰጠ። ብረቶቹ ሻይ ውስጥ እንደ ተነከረ ዳቦ ወደ ታች ጠፉ። በእጁ ፈለጋቸው፤ እስከ ብብቱ ድረስ ክንዱን ከተተ። አላገኛቸውም።

በዚህ መሀል የማሳው ባለቤት ኦቦ ቱሉ በትራቸውን ይዘው ደረሱ።

«አንተ! እዚህ ማን ግባ አለህ? ሽምብራ ልዘራበት ያረስኩት ነው እኮ!»

«ይቅርታ አባባ...»

«ይቅርታ ይበቅላል? እየው! እየው ምን እንዳደረግከው!»

ኢንጂነሩ በቦት ጫማቸው ገብተው ለመኗቸው። ኦቦ ቱሉ እያጉረመረሙ ሄዱና በሬዎቻቸውን ጠምደው መጡ። ልጆቹ በሬ ሲያዩ አጨበጨቡ። እኔ ከሀዲዱ ወርጄ ጋሼ አጠገብ ልሁን ብዬ ነበር፤ ግን እዚያው ሀዲዱ ላይ ቀረሁ። ገመዱ ጋሼ በበየደው የፊት ብረት ላይ ታሠረ። ኢንጂነሩ መሪውን ያዙ፤ ጋሼ ከኋላ ሊገፋ ቆመ።

ባቡሩ ልክ ያኔ መጣ።

ከድሬዳዋ የሚመጣው ነው። ጣቢያው ስለቀረበ ዝግ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ እንደዚያ ቀን ግን ዝግ ያለ ባቡር አላየሁም። በየመስኮቱ ጭንቅላት ነው። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ አንዱ፣ «አቃቂ በላንድሮቨር ማረስ ጀመረ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው፣ «ቀንበሩን ለሾፌሩ!» አለ። የብርቱካን ልጣጭ ወረወሩ። ፉርጎው ሁሉ እየሳቀ በተራ በተራ አለፈ። የኛም ሰዎች፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ ከባቡሩ ጋር ሳቁ።

ጋሼ ፊቱን ከኋላ ወደ ታሠረው ጎማ አዞረ። «ሂድ ጉራቻ!» አሉ ኦቦ ቱሉ ጥቁሩን በሬ። በሬዎቹ ጎተቱ፤ ጭቃ ውስጥ ያለው ጎማ ዞረና ጋሼን ከእግር እስከ ራሱ በጭቃ አለበሰው። መኪናው ወጣ። እሱ ቀረ፤ ጭቃው መሀል፣ እጁን ወደ ፊት እንደዘረጋ፣ እንደሚገፋ ሰው። ዐይኑን ደጋግሞ ያርገበግባል። ጭቃ ገብቶበት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሳስብ ኖርኩ።

እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጭቃው ገባች። ያ ሁሉ ሰው እያየ ፊቱን ልትጠርግለት ጫፉን ይዛ ተንጠራራች።

«እማዬ፣ ተይኝ!» አላት። እንዲያ ጮሆባት አያውቅም። እጇ ከነነጠላው አየር ላይ ቀረ።

ጋራዡ ውስጥ ያን ቀን ሙሉ መኪናውን ሲያጥብ ዋለ። ከባሌስትራው ቅጠሎች መሀል ጭቃውን በእንጨት እየፋቀ ያወጣል። ኢንጂነሩ አጠገቡ ቁጢጥ አሉ።

«ግርማ፣ ኮቲቻ የማይዘው የለም። መሪውን ልሰጥህ ግን አልችልም። እስኮርታነቱ እንዳለ ነው። የሠራኸው ሥራ እኮ ጥሩ ነው። ሐሙስ በጠዋት በቤታችሁ በኩል አልፌ እወስድሃለሁ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ጋሼ፣ ቀና ሳይል። ቢሰድቡት ኖሮ ይቀለው የነበረ ይመስለኛል።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው በራችን ላይ ቆመ። ታጥቦ ያበራል። ጎረቤቱ ለመሸኘትም፣ ለማየትም ወጥቷል። ሽማግሌው ሾፌር መሪውን ይዘዋል። እማዬ ከጓዳ ትልቅ ጥቅል ታቅፋ ብቅ አለች። ለካ ለኛ ሳትነግረን ስንቅ ስታሰናዳ ከርማለች፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ሚጥሚጣ። ጋሼ ግን ቱታውን እንደለበሰ ነው የወጣው። ጓዝ አልያዘም። መኪናውን ዞሮ ብሎኖቹን በእጁ አጠባበቀ፤ ኮፋኖው ላይ ያለውን ጎማ ነቅነቅ አድርጎ አየ።

«ግባ እንጂ» አሉት ኢንጂነሩ።

ጋሼ ጎማውን መታ መታ አደረገና፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ሁለት እስኮርታ ጭኜልዎታለሁ ጌታዬ፤ ሦስተኛ አያስፈልግም» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ኢንጂነሩ ብቻ አልሳቁም። ትንሽ ጠብቀውት እጁን ጨበጡና ገቡ። መኪናው እጁ የሠራውን ሁሉ ተሸክሞ ወጣ። ሰዉ፣ «ወይ እስኮርታ! ጨዋታ አዋቂ!» እያለ ተበተነ። ሾፌርም አልሆነ፣ እስኮርታም አልሆነ፤ ስሙ ግን ያን ጠዋት ጸደቀለት። እማዬ ጥቅሉን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማንም ምን ይዘሻል አላላትም። እየቆየች ወደ ደረቷ አስጠጋችው፤ በነጠላዋ ሸፈነችው።

ጳጉሜን ዝናቡ ጠንከር አለ። ጠዋት ጠዋት እማዬ ከዚያ ጥቅል እየቆነጠረች በሶውን ታሽልናለች። ከየት የመጣ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ጋሼ ይጨብጣል፣ ይበላል፣ ወደ ብየዳው ይሄዳል። በቅቤና በሚጥሚጣ የታሸ ነው፤ ለሩቅ መንገድ የተሠራ ነገር ስለሆነ ቅቤ አልቆጠበችበትም። በጣም ይጣፍጣል። እንዲህ መጣፈጡ አሳፈረኝ። ልጨምር ብዬ እጄን ሰድጄ መለስኩት።

ጋሼ አይቶኛል። ከፊቱ የነበረውን ድርሻውን በጣቱ ወደኔ ገፋው።

«ብላ» አለኝ። «በረሃው ሩቅ ነው።»

ቀና ብዬ ሳላየው በላሁት።